ኖራ

በአዳር ወር ማለቂያ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ቄድሮን እወርዳለሁ፣ በጫንቃዬ ኖራ፤
የጎርፍ ጥርስ የላጠውን የመቃብር ድንጋይ
ዳግም ነጭ ላልብሰው፣ ከሩቅ እንዲታይ።

ያቂም እባላለሁ፣ የመቃብር ቀቢ፤
ሙታንን አልባሽ ነኝ፣ ሕያዋን ዐቃቢ።
ለፋሲካ የሚወጡት መንገደኞች ሁሉ
ሙት ነክተው ሰባት ቀን ከደጅ እንዳይውሉ፣
ቃጫዬ ይናገራል፣ ያለ ፊደል ያለ ቃል፦
«ሰው ተኝቷል እዚህ፤ ዞር ብለህ እለፍ» ይላል።

እኔማ ስውል ሳድር ከአጥንት ደጃፍ
ማዕድ አልቀርብም፣ አልቀመጥ ምንጣፍ።
ደመወዜን እንኳ፣ እጄን ሲጠየፉት፣
ከውሃ ጻሕል ጥለው በእግር ነው የሚገፉት።

ኤልዮዔናይ ግን ከሁሉም ይብሳል፤
ጥላዬ እንዳይነካው ፀሐዩን ያሰላል፤
የቀሚሱን ዘርፍ በሁለት ጣት አንሥቶ
ያልፋል እንደ ሽመላ፣ ረግረግ ውስጥ ገብቶ።

አንድ ሌሊት ታዲያ በሬ ተንኳኳ።
እሱ ራሱ ነው!
ያለ ሎሌ፣ ያለ ዘርፍ፣ ያለ መብራት፤
ግንባሩን አልቦታል፣ ድምፁን በልቶታል ፍርሃት።
«ያቂም፣ ወንድሜ» አለኝ።
ወንድሜ!
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተጠየፈኝ እጁ
ክንዴን ጨምድዶ ያዘ፤ ወሰደኝ ከደጁ።

የመንጻት ገንዳውን ሲያስቆፍር ከጓሮ
ከሰባተኛው ደረጃ ሥር፣ አጥንት ኖሯል ተቀብሮ።
ሴት ናት፤ ከእጇ አንጓ ዶቃዋ እንዳለ፤
እንዝርቷ ከጎኗ፤ ክሩ ግን የለ።

«አትቅባት» አለኝ፣ «አደራህን፣ አትቅባት!
ነጭ ካየ ጎረቤት፣ ቤቴን ይለዋል የሙት ቤት።
ድንጋይ ጫንባት ብቻ፤ ውሃው ይሸፍናት።»

አምስት ዲናር ሰጠኝ። በእጄ። ከመዳፉ ሙቀት ጋር።
ተቀበልኩ።
ድንጋዩን ጫንኩባት። ጎህ ሳይቀድ አለቀ ነገር።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ፣ ወፍ ሲንጫጫ ማለዳ፣
ሰባቱን ደረጃ ይወርዳል ወደ ገንዳ፤
ይጠልቃል፣ ይወጣል፣ ጺሙን አራግፎ፣
በእሷ ደረት ላይ እግሩን አሳርፎ።

ትናንት በገበያ ወሬ ሰማሁ ደግሞ፤
ከገሊላ የመጣ አንድ መምህር ቆሞ
እነ ኤልዮዔናይን በአደባባይ፣ ፊት ለፊታቸው፣
በእኔ የእጅ ሥራ መስሎ ነገራቸው።
ሕዝቡ ሳቀ አሉ። እኔም ሳቅሁ።
ኋላ ግን ኖራዬ አሳዘነኝ።
ኖራ መች ይዋሻል? ለሞተው ሞተ ይላል፤
የእነሱ ንጣት ግን ሞቶ ሕያው ይመስላል፤
ብዬ ልፎክር ስል፣
ጥፍሬን አየሁት።
ከሥሩ ነጭ አለ፤ ለዓመታት ያልለቀቀ፤
አምስት ዲናር ጨብጦ እውነትን የደበቀ።
እሱ በውሃ ቀባት፣ እኔ በዝምታ፤
ማን ነው ታዲያ ርኩሱ? ማን ይሆን ጨዋታ?

ዛሬ የበዓል ዋዜማ። ከደጁ ቆሜያለሁ፣
ማድጋዬን አቅፌ፣ ቃጫዬን ነክሬያለሁ።
ከውስጥ ይሰማኛል፣ ውሃው ሲንቦጫረቅ።
ብቀባ፣ ልጆቼ ነገ ምን ይጉረሱ?
ባልቀባ . . .
ክንዴን ዘረጋሁት። አጠፍኩት። ዘረጋሁት።

ጠብ አለ ከቃጫው፣ ከመድረኩ ድንጋይ ላይ።
ጠብ። ደግሞ ጠብ።
ልጥረገው? እጄ እንቢ አለ።
ስሟን ለማናውቃት፣ ክሯ ለተበጠሰው፣
ጎንበስ ብሎ ላነበበ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው፦

ኖራ።