የተላጡ ፊደሎች

ሠላሳ ከዜሮ በታች፣ ዊኒፔግ በየካቲት፣
ትንፋሼ ሻርፔ ላይ እንደ ጨው ሲደርቅበት፣
በፖርቴጅ አውቶቡስ መስኮቱን በጥፍሬ ፍቄ
ከሱቁ በር ወረድኩ፣ የያዝኳትን ብር ጠብቄ፦
ስድስት መቶ ሃያ። ዶላሩን ብር ማለት
አልተወኝም፤ ምላስ አይገራም በአሥራ አንድ ክረምት።

በሆስፒታሉ አንሶላ ሳጥፍ፣ ትርፍ ሰዓት ሠርቼ፣
በብስኩት ቆርቆሮ ከመስከረም ጀምሮ ከትቼ፤
ለኪራይ አይደለም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም፤
ለጨዋታ ነው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አላፈርኩም።

ሻጩ ወጣት ነው፤ ጺሙ ገና ቡቃያ፣
ፈገግ ብሎ መራኝ ወደ ውዱ መደርደሪያ።
«ለልጅዎ ነው?» አለኝ። «ለራሴ ነው» ስለው
ቅንድቡ ሽቅብ ወጣ፤ ማን ተመለስ ይበለው።

የመጀመሪያው ጥቁር፣ ደረተ ሰፊ፣ ባለ ሁለት ማራገቢያ፣
ቀይ አረንጓዴ የሚያበራ እንደ ሠርግ ቤት መግቢያ።
በመዳፌ መዘንኩት፣ ዶሮ እንደሚመዝን ገዥ፦
ሦስት ኪሎ! ይህስ ይፈልጋል አንድ አጋዥ።
ጨዋታ ከፈተበት፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ አጓራ፤
ሁለት ሰው ዞሮ አየን፣ ምን እንደተፈጠረ ሊያጣራ።
ባሌ ማንያዘዋል ሌሊት ሠርቶ ቀን ይተኛል፤
ክፍላችን አንድ ናት፤ በዚህ ድምፅ ሙትም ይነሣል።

እኔ የምሻው ሌላ ነው፤ ነገሩን ላስረዳ፦
ጠረጴዛችን አንድ፣ ግማሹ የሽንኩርት ሜዳ፤
ማታ አልጋ ጫፍ ላይ፤ ቅዳሜ ምድር ቤት ወርጄ
የራሴን አንሶላ ከማጠቢያው አፍ ማግጄ፣
በክንዴ ሥር ሸጉጬው፣ ከሳሙናው፣ ከቅርጫቱ ጋር፣
ባትሪው እስከ ማድረቂያው ይዝለቅልኝ፤ ይኸው ነው ነገሩ፣ ሌላ አልቸገር።

ጨዋታዬም ተራ ነው፦ ጥይት የለው፣ ሰይፍ የለው፤
ባቄላ እዘራለሁ፣ ዓሣ እሸጣለሁ፣ ድልድይ ሲሰበር እጠግነዋለሁ።
አንዲት ፍየል አለችኝ፤ ስሟን «አስቸጋሪ» አልኳት፤
አጥር ትዘላለች፤ አሥር ጊዜ መልሼ አሰርኳት።
የማኒቶባ ማሳ ከበረዶ ሥር ሲያንኮራፋ
በእኔ እርሻ ባቄላ ያብባል፣ ገበሬዋ ሳትለፋ።
እስካሁን በስልኬ ነበር፤ መስታወቱ ተሰነጣጥቆ
ፍየሌ ስንጥቁ ውስጥ ትገባለች፤ አገኛታለሁ ዓይኔ ተጨንቆ።

ሁለተኛው ቀጭን፣ እንደ ትሪ የቀለለ፣
ርካሽ፤ ግን እርሻውን ሲከፍት ፍየሏን ለመሳል ዋለ።
ሻል ያለውን ጠየቅሁ፤ ዋጋው ታክሱ ሲደመር
ከቆርቆሮዬ አልፎ ሄደ፣ እንዳመለጠ አውቶቡስ ሲበር።

ልወጣ ስል፣ ከበሩ አጠገብ፣ «የታደሱ» ከሚል ጥግ፣
አንዱን አየሁ፦ ግራጫ፣ ክዳኑ የተጫረ፣ ዝም ያለ እንደ በግ።
አንድ ኪሎ ከሩብ። ሜሞሪው አሥራ ስድስት። አራት መቶ ዘጠና።
ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ትንፋሹ እንደተኛ ሕፃን ነው፣ ደህና።
ሻጩ ይቅርታ ጠየቀኝ፦ «በግራ በኩል ያሉት
አራት ፊደላት ተልጠዋል፤ ሃያ ብር ልቀንስበት?»

ዝቅ ብዬ አየኋቸው። ጣት የላጣቸው፣ ጣት ያለሰለሳቸው፤
ወደ ፊት፣ ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ መሄጃዎቹ ናቸው።
አንድ የማላውቀው ሰው ሲሮጥ ኖሯል በእነዚህ ላይ፣
ስንት ሌሊት፣ ከማን ሸሽቶ፣ ስንት ተራራ ወጥቶ፣ ማንን ሊያይ?
ሣር ላይ እግር ደጋግሞ መንገድ እንደሚያወጣ
እንዲሁ ጥርጊያ ሆኑ፣ ባለቤታቸው ሲሄድ፣ ሲመጣ።
ጨርሶ ይሆን የተወው? ወይስ ሰልችቶት? አልጠየቅሁም።
ሃያዋን ግን አስቀነስኩ፤ ሞኝ አይደለሁም።

ከኮቴ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ፣ እንዳይበርደው ይዤ ተመለስኩ።
መጋረጃው ተዘግቷል፤ በካልሲ ገባሁ፤ ቀስ ብዬ ከፈትኩ።
ጣቶቼ መላጣዎቹን ሳላይ አገኟቸው።

ፍየሌ ወጣች ከአጥሩ ሥር፦ ለካ ቡናማ ኖራለች፣
ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ ስልኬ ስንት ዓመት ዋሽታለች።

ማንያዘዋል ተገላበጠ። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ምን ገዛሽ?» አለኝ።
«ፍየል» አልኩት።
«እሺ» ብሎ፣ ብርድ ልብሱን ስቦ ተኛ።