ዝርዝሩ ላይ የሌለ

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ቤጃ ስትግል እንደ ምድጃ፣
አባቴ ከፖስታ ቤት ይዞ ይመጣል ወረቀት፤
ጀርባው ያልተጻፈበት፣ ፊቱ ማኅተም ያለበት።
ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ በየሰፈሩ የለየ፣
ሻንጣን እንደ መልእክት እንጂ እንደ ዕቃ መች አየ?
«ቦታ የሌለው ዕቃ፣» ይለናል፣ «ቢኖርም ጠፍቷል፤
ቦታ ያለውን ግን እጅ በጨለማ ያገኘዋል።»
ከዚያ ይጽፋል፤ በቀይና በሰማያዊ ቀለም፤
ቁጥር ያልተሰጠው ነገር በቤታችን ውስጥ የለም።

አንድ፤ የእናቴ ኪኒን፣ በጠዋትና በማታ ተከፍሎ፣
ሁለት፤ የዛካሪያስ መነጽር፣ በካልሲ ተጠቅሎ፣
ሦስት፤ ትልቁ ጃንጥላ፣ አራት፤ የጃንጥላው ችካል።
«ያለ ችካል ለነፋስ የተሰጠ ደብዳቤ ነው፤ ማን ጋ ይደርሳል?»
አምስትን ዛሬ ረሳሁት። ስድስት ቢጫዋ ወፍ ነበረች፤
ከነሽቦ ቤቷ ለጎረቤት ለዶና ፌሊዝሚና በዐደራ የቀረች፤
ከአንድ ገጽ መመሪያ ጋር፤ ስንት ፍሬ፣ ስንት ጠብታ፣
በየስንት ሰዓቱ መስኮት፣ በየትኛው እጅ ሰላምታ።
ፌሊዝሚና መነጽሯን ሰክታ እስከ መጨረሻው ታነባለች፤
«ወፏ ጥያቄ ካላት፣» ትላለች፣ «ደብዳቤ ትጽፍልሃለች።»

ጋዙ መዘጋቱን ሦስት ጊዜ፣ በሩን አራት ጊዜ ያያል፤
ደረጃ ወርዶ፣ መኪና አስነሥቶ፣ እንደገና ይመለሳል።
እኛ በኋላ ወንበር፣ ላባችን እንደ ሙጫ አጣብቆን፣
ከእግራችን ሥር የዘይት ጠርሙስ፣ ከጎን ሐብሐብ ተጋፍቶን።
እናቴ በማራገቢያዋ ጉልበቷን እየመታች ዝም አለች፤
ዝርዝር ከያዘ ባል ጋር በነሐሴ ቀትር የቷ ሚስት ትሟገታለች?

ከዚያ ባሕሩ። ሚልፎንተስ፣ ወንዙ ከጨው የሚጋባበት።
አባቴ አሸዋው ላይ ቆሞ ጃንጥላውን ተከለ በልኬት፤
ፎጣዎቹን እንደ መንገድ ዘረጋ፣ በቤት ቁጥር፣ በተራ፣
የዋና ልብሳችንን አደለን፣ በስማችን እየጠራ፤
«ዴኦሊንዳ።» «ዛካሪያስ።» በመጨረሻም እኔን፣ «ኤልቪራ።»
ከዚያ እጁን ከቦርሳው ሰደደ፤ ቦርሳውን ገለበጠ፤
ከስፌቱ ጥግ የቤጃ አቧራ ብቻ በነፋስ አመለጠ።
የእሱ የለም። ሸሚዝ የለም። ነጠላ ጫማ የለም።
ሰባ ሁለት ቁጥር ጽፎ፣ ራሱን በአንዱም አላሰፈረም።
ቆመ፤ ከነፖስታ ቤት ሱሪው፣ ከነጥቁር ጫማው፣ ከነካልሲው፣
አድራሻው እንደጠፋ ጥቅል፣ ማንም እንደማይቀበለው።

እኔ ልስቅ ነበር። ዛካሪያስ ሊያለቅስ። እናቴ ግን ተነሣች፤
መንገድ ዳር ድንኳን ከተከለ ሻጭ ጋር ዋጋ ተከራከረች፤
ብርቱካንማ፣ ዓሣ የተሳለበት ቁምጣ ጉልበቱ ላይ ጣለች።
ሁለት አባት ይይዝ ነበር። የጃንጥላውን ትርፍ ገመድ አመጣና፣
(ቁጥር አሥራ አንድ) ወገቡን ጠፍሮ አሰረና
ገባ።

አትላንቲክ በነሐሴም ቀዝቃዛ ነው፤ የሰው ማዕረግ አይጠይቅም።
አባቴ ጮኸ። እንደዚያ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።
አንዱ ማዕበል ጥሎት አለፈ፤ ሌላው ቆቡን ወሰደበት፤
ቁጥር አልነበረውምና አልተከተለውም፤ ሳቀበት።
በአራተኛው ቀን ማታ፣ የሰርዲን ሽታ ከእጁ ሳይለቅ፣
«ነገ ምን እናድርግ?» አለ። እሱ! ሲጠይቅ!

እንዳትሳሳቱ፤ አልተለወጠም። ቤት ስንገባ ቆጠረ፤
አንዲት ማንኪያ ጎደለች፤ እስከ ገና ሲያነሣት ኖረ።
በዓመቱ ግን ወረቀቱ ማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣
ከአንድ በላይ፣ ከኅዳጉ፣ በእናቴ እጅ፣ በእርሳስ ጫፍ፤
ዜሮ፤ አቢሊዮ።

ዛሬ ልጆቼን ይዤ ልወጣ ስል ጋዙን ሁለት ጊዜ አያለሁ፤
ሦስተኛውን ለእሱ ትቼለታለሁ።
ቁምጣውን ከሻንጣው ግርጌ፣ ሳልጽፈው፣ አስገባዋለሁ፤
ማንም አይለብሰውም። ሰፊ ነው።
ማንኪያዋ ግን እስካሁን አልተገኘችም።