ተቀጥላ

ጉዶበረት ላይ ነው፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣
ጉም ከገደሉ ሥር ሽቅብ ተንጠላጥሎ
የሰው አጥር፣ የሰው በግ አንድ ላይ ጠቅልሎ
በሚያድርበት ጥግ ላይ፣
ከድንች ማሳው በላይ፣
አጎናፍር ባህር ዛፍ ነቅሎ ፖም ተከለ።
«ውርጭ ገብሱን በልቶ ባልጠገበበት አገር
ፖም ሊያበላህ ኖሯል?» ጎረቤቱ አለ።
እሱ መልስ አልሰጠም፤ ጉቶ ይምስ ነበር።

በዚያው ዓመት ጥቅምት እናቴን አገባ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እሱ በበር ሲገባ
በጓሮ እወጣለሁ። ጋሼ እንኳ አላልኩት፤
«አንተ» ነበር ስሙ፣ ያውም ሰው በሌለበት።

ደብረ ብርሃን ሳለ፣ የችግኝ ጣቢያ ዘበኛ፣
ሌሊት ባትሪ ይዞ፣ ቀን ደግሞ ሳይተኛ
ከባለሙያው እጅ በዓይኑ የሰረቃት
ሙያ ናት ጥሎሹ፤ አንዲት ሴንጢም አለቻት።

ከአሥራ አንዱ ችግኝ ሰባቱን ውርጭ በላ፤
ሁለቱን የጌጤነሽ በግ፤
አንዱን ማን እንደረገጠው አልናገርም።
የቀረው አንድ ነው። የዱር ፖም፣ ጎምዛዛ፣ ወገቡ የማይሰበር፣
ጣፋጩ ገና ሊቀጠልበት የሚጠብቅ ነበር።

በሦስተኛው ጥር ጠራኝ፤ «ያዢ» አለኝ ቀንበጡን።
ሴንጢዋን በአረቄ አጥቦ ገለበው ልጡን።
«አየሽ፣ ከቆዳው ሥር፣ አንዲት አረንጓዴ ክር?
እሷን ከእሷ አግጥሚ፤ የቀረው ይቅር።
ሰም አምጪ» አለኝ። እናቴ ከደጃፍ
«ወርቁስ?» ብላ ሳቀች። ዓይኑን ሳይነቅል ከዛፍ፣
«ወርቁ አይቸግርም፤ ሰሙ ነው የሚይዘው፤
ሰም የሳሳ ዕለት ነፋስ ነው የሚያናዝዘው።»

በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎ አሰረው።
ጣቴ ከጣቱ ጋር በሰም ተጣበቀ፤
ቶሎ ነጠቅኩና በቀሚሴ ጠረግኩት።

ጥቅምት በገባ ቁጥር ቅጠሉን በእጅ ያረግፋል።
«ዛፉ የፈረንጅ ነው፣ በረዶ ይናፍቃል፤
እኛ ደግሞ በረዶ የለን፣ ውርጭ ብቻ ነው ያለን፤
ካልተኛ አያፈራም። እናታልለዋለን።»
እኔም አረገፍኩ። ዛፍ ሲያታልሉ መዋል
ለልጅ ደስ ይላል።

በማግሥቱ ዓመት፣ ከቋጠሮው በታች፣ ከሥሩ፣
ቡቃያ አጎነቆለ፤ የዱሩ፣ የነባሩ።
«ከታች ያለውን ሁሉ ቁረጪ» ብሎኝ ሄደ፤
በግ ሊሸጥ ደብረ ሲና ወረደ።
ሁሉን ቆረጥኩና አንዲቱን ተውኳት።
የግንዱ ልጅ ናታ! ባለቤቷን ገድዬ
ሰም የለጠፈውን መጤ ላሳድገው?
በጭድ ሸፈንኳት።

አይቷታል። ዛፍ የሚያውቅ ዓይን ያችን አይስታትም፤
ሴንጢዋ ኪሱ ናት፤ ግን አልቆረጣትም።
ማለዳ ስወጣ ችካል ቆሞላታል፤
በሱፍ ክር ለዘብ አርጎ ከችካሉ አስሯታል።

ዛሬ ባለ ሁለት ነው። በደቡብ በኩል ቀይ፣
ውርጭ የመታው የልጅ ጉንጭ መሳይ፤
በሰሜን ትንንሽ፣ ጥርስ የሚያጠርስ ዘር።
ዐምና ውርጭ ወርዶ ገብሱን አመድ ሲያለብስ
ጣፋጩ አበባውን ጣለ፤
የዱሯ ዘግይታ አብባ ያዘች እስክትጎብጥ ድረስ።
እሷን በልተን ከረምን፣ በጨው፣ በበርበሬ።
የሳቀውም መጣ፤ «ቀንበጥ» አለኝ፣ «ለአጥሬ»።

ሴንጢዋ አሁን እኔ ጋ ናት። የእሱ እጅ ይንቀጠቀጣል፤
ባና ለብሶ፣ ካብ ተደግፎ፣ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤
ጥር በመጣ ቁጥር ካለበት ይጮኻል፦
«አረንጓዴዋን አየሻት?»
አየኋት።
ጣቴ በሰም ተይዟል፤ ለማላቀቅ አልቸኩልም።

ጉም ሽቅብ ሲመጣ፣ አጥሩን ሲጀምረው፣
«አንተ፣ ብርድ ነው፣ ግባ» እለዋለሁ።
ያው ነው ስሙ፤ ሌላ አላወጣሁለትም።
ይነሣል። በዚያች በበሰበሰች ችካል በኩል ያልፋል፤
በከዘራው ነካ ያደርጋታል፤
«ይችንስ ማን ተከላት?» ይላል፤
መልሴን ግን አይጠብቅም።