በእርሳስ የተጻፈ

መጀመሪያ ታጠብ፣ ቼስትሚር፣ እስከ ክርንህ፣
ሁለቴ በሳሙና፣ ጥፍርህም ሳይቀርህ፤
ቆዳህ ላይ የተኛው ብርቱካናማ አቧራ
ሾልኮ እንዳይገባብኝ ከመርፌዬ ጋራ፣
ደምህ እንዳይከሰስ እሱ ባልሠራው ሥራ።

ወር በገባ ሰኞ፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣
በይዜራ ሸለቆ ምድጃው ሲያገሣ፣
እጅጌህን ጠቅልለህ ትመጣለህ ስቀህ፣
«ቦህዳና፣ የዛሬው ዕጣ ስንት ነው?» ብለህ።

ቀያጭ ነህ። አሸዋ፣ ፖታሽ፣ ቀይ እርሳስ።
ያለ እርሳስ ብርጭቆ ቢነካም አይዘምርም፣
ብርሃን ቢገባበት ሰባት ሆኖ አይወጣም፣
ከሠርግ ማዕድ ላይ ደረቱን ነፍቶ አይቆምም።
ታውቀዋለህ ይህን፤ ኩራትህን አልቀማህም።

እኔ የማውቀው ቁጥር ነው።
ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ስምንት፣ አርባ ሦስት፤
በእርሳስ ነው የምጽፈው፣ ቢወርድ ላጠፋልህ፣
ላጲስ አስቀምጬ ከመዝገቡ አጠገብ።
የኔው በስም ብቻ ነው እርሳስ፣ ሆዱ ከሰል ነው፤
ያንተው ግን ስሙን የሆነ፣
አጥንትን እንደ ብራና ፍቆ የሚጽፍ፣
ላጲስ ያልተሠራለት።

ሃምሳ ሁለት የመጣ ቀን ሐኪሙ ፈረመ፤
ከምድጃው ተነሥተህ ማሸጊያ ክፍል ገባህ፣
ካርቶንና ጭድ መሀል። ደመወዝህ አልተነካም፤
«እጄን ነው የቆረጣችሁት» ብለህ አኮረፍክ።
ቭላስታ ግን፣ ሚስትህ፣ ገበያ አግኝታኝ በጆሮዬ፦
«የሱሪው እጣቢ ዘንድሮ ነጣልኝ፣ እህቴ።»

ወረደ ቁጥርህ፣ ቀስ እያለ፣
ደረጃ እንደሚፈራ ሽማግሌ፦
አርባ።
ሠላሳ አራት።
ሃያ ሁለት።
ላጲሴ አልቆ አዲስ ገዛሁ።

በዐሥራ አንደኛው ዓመት በረዶ አዳልጦህ
አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ዳሌህ ተሰበረ፤
ስድስት ሳምንት አልጋ። ከሆስፒታል ደምህ መጣልኝ፤
ሠላሳ ዘጠኝ።
«ማን ምድጃ አስጠጋው?» ብዬ ስልክ ላይ ጮኽኩ።
ማንም።
አጥንት ሲላላ የቀበረውን ይመልሳል።
ሰው አጥንቱ ሲቆጠር ዘሩ ይወጣል ይባላል፤
ያንተ ሲቆጠር የወጣው ምድጃው ነው።

ጠርሙሷን በጥፍሬ መታ አደረግኋት፤ አልዘመረችም።
እርሳሴን ቀረጽኩና ጻፍኩት፤
ንዴቴ በዝቶ ኖሯል፣ ጫን ብዬ፤
ገጹን ብገልጠው
ገና ባልመጣው ወር ላይ
ቁጥርህ ታትሟል።