ዘጠነኛ ከአሥር

ፋሃሂል፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሕንፃው በር ሥር፣
ስልኬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የማላየውን ጨዋታ ስቆጥር፤
ባሕር ማዶ ገና ምሽት ነው፣ ዱላ ኳስ ያሳድዳል፣
እዚህ የኤሲው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጠብ ይላል።

ያስገባኝ የአራተኛ ፎቁ ኢንጂነር ነው፣ «አንድ ሰው ጎደለን» ብሎ፤
ቤዝቦልን ማን ያውቃል? የገና ጨዋታ መስሎኝ፣
ለካ ሩሩ በአየር ይበራል።

ሚያዝያ ላይ አንደኛ ነበርኩ። እውነቴን ነው፤ ፎቶ አንስቼ
ጃህራ ላለው ለሙላት ልኬአለሁ፣ እንዳይክደኝ ፈርቼ።
ሰኔ ላይ የወርዋሪዬ ትከሻ ተቀደደ።
ሐምሌ፣ ሙቀቱ ሃምሳ ሲሞላ፣ የመቺዬም እጅ በረደ።
ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ጣለኝ፤
የታመመ ሰው አሰልፌ አደርኩ፣
ሱፐርቫይዘሩም የቀን ደሞዝ ቀጣኝ።
በመስቀል ሳምንት ተደመረ፦ ዘጠነኛ ከአሥር።
አሥረኛው ቡድኑን በግንቦት ረስቶ የሄደ ሰው ነው።

ለከርሞ ግን ተስፋ አለ። ሦስት ሰው ማቆየት ይፈቀዳል።
አንዱ ታውቋል፤ የሃያ ዓመት ልጅ፣ ስሙን አጥርቼ አልጠራውም፣
ሲመታ ግን ኳሷ አጥር ዘላ ትቀራለች።
ሁለተኛው ወርዋሪዬ ነው፣ ትከሻው ከዳነለት።
ሦስተኛውን እስከ የካቲት አወጣ አወርዳለሁ።

የካቲት ላይ ኢቃማዬም ያልቃል።
እዚያም ቢሮ ዝርዝር አለ፤ ማን ይቆይ፣ ማን ይለቀቅ።
ትከሻዬን የገመተው ሰው
በስንት ነጥብ እንዳስቀመጠኝ አላውቅም።

ሊፍቱ ተከፈተ። ኢንጂነሩ ነው፣ ማልዶ ወደ ማጣሪያው።
«ከርሞስ?» አለኝ፣ ጫማውን እያሰረ።
«አለን» አልኩት፣ በሩን ከፍቼለት።