የመዞሪያ ስፍራ

ፍሬያ አሥራ ሰባት፣ አባቷ ማግነስ፣
ከኦርክኒ ደሴት ሰው የሚያመላልስ
የጀልባ ካፒቴን፤
በሌሊት ተነሥተው አበርዲን ገቡ፣
ዝናቡ አግድም ነው፣ እንደረጠቡ።
ጠረጴዛ ዘርግተው አዳራሹን ሞሉ
ኮሌጆች፣ ከረሜላ እስክሪብቶ እያደሉ።

የአንዱ ግድግዳ በፎቶ ተሞልቷል፤
ሣር ላይ የተኛ ልጅ ፀሐይ ይሞቃል።
"ይኼ ፀሐይ የእኛ ነው?" አለ ማግነስ፣ "እንዴ!
እኔ ያየሁት እንደሁ በዓመት አንዴ።"

ሌላው ልጅ ሲጠይቅ የመኝታውን ዋጋ፣
ማሞቂያው መሥራቱን ሌሊቱ እስኪነጋ፣
እሷ ግን ከኪሷ አወጣች ወረቀት፤
አንድ መስመር ብቻ ነው የሰፈረበት፦
"የጀመርኩት ትምህርት ባይሆነኝ በዓመቱ፣
ልለውጥ ያልኩ እንደሁ ስንት ነው ቅጣቱ?"

ጥያቄው የእሷ አይደል፣ የወንድሟ ነበር።
ሲጉርድ ደቡብ ወርዶ ሕግ ሊማር ሲጀምር
አሥራ ስምንት ዓመቱ፤ ቅጹ ላይ ሲፈርም
ድንጋይ እንደሚወድ ገና አያውቅም።
በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ ዕለት
ገደል ሥር ተቀምጦ ቆየ እስከ ምሽት፤
የዓለቱ ንብብር፣ መስመር በመስመሩ፣
ከውል አንቀጽ ይልቅ ገባው ነገሩ።
ቢሮ ሄዶ ነገረ። "ይቻላል እንጂ!
አዲስ ከፍለህ፣ ከዜሮ፤ ለጂኦሎጂ
ያለፈው ሁለት ዓመት አይቆጠርልህም።"
ገንዘብ አልነበረም። ሲጉርድ አልተመለሰም።
ሳልመን እርባታ ገባ፣ መረብ ይጠግናል፤
ኪሱ ግን ሁልጊዜ ጠጠር ይሞላዋል።

ክራቫት ያሰረው ወጣት ፈገግ አለ፦
"ጥሩ ጥያቄ ነው።"
(መልስ የለም ማለት ነው፣ እንዲህ ከተባለ።)
"የእኛ ተማሪ ግን ሲመጣ ያውቀዋል፣
የሚፈልገውን።" ማግነስ ጉሮሮውን ይጠርጋል።
"ጀልባ ሻጮች" አለ፣ "ስለ ሞተሯ ጉልበት
ይነግሩኛል ሁሌ፤ እኔ የምጨነቅበት
አንድ ነገር ነው፦ ለመዞር ስንት ስፍራ
ትፈልጋለች? ዓለቱ ከጭጋግ ወጥቶ ሲጣራ
ፍጥነት ምን ሊሠራ?"

በሽንት ቤቱ በኩል፣ ከጥግ፣ ብቻቸውን
ኢሽቤል ተቀምጠዋል፣ ይዘው ሻያቸውን።
"እኛ ዘንድ ሁለት ዓመት ሦስት ዘርፍ ይቀመሳል፤
ብትለውጪ፣ ያለፍሽው ኮርስ ይቆጠራል።
ሕክምና ግን፣ ልጄ፣ በዚህ በር አይገባም፤
እሱን አልዋሽሽም።"
ቅጹን አሳዩዋት፤ አንድ ገጽ አይሞላም።
"ይሄ ብቻ?" "ብቻ። በእርሳስም ይሞላል።
እኔም ለሙዚቃ መጥቼ፣ ይገርማል፣
የቀረሁት ሒሳብ ነው።" ሻዩን ጎንጨት አሉ።
ፍሬያ ጥቂት አሰበች፣
"ሁለት ቅጽ ይስጡኝ" አለች።
"ለምን?" አላሏትም፤ አመስግና ወጣች።

ማታ በጀልባው ላይ፦ "ምን ልትማሪ ነው?"
"ኬሚስትሪ፣ ይመስለኛል።"
"ይመስለኛል ደግ ነው"
አለ ማግነስ፣ ዓይኑን ከውኃው ሳይነቅል።

ከወደቡ ቆሟል ሲጉርድ፣ ቦቲ አጥልቆ፣
የዓሣ ቅርፊት እጁ ላይ እንደ ብር ደርቆ።
ቅጹን ሰጠችው። ቆሞ አላነበበውም፤
አልመለሰውምም።
እንዳይቀደድበት፣ ከኪሱ ጠጠሩን
አንድ በአንድ አወጣ፣
ከግንቡ ጠርዝ ላይ በተርታ ደረደረ፤
ከዚያ ቅጹን አጥፎ በባዶው ኪስ አኖረ።