ሆድ ያባውን

አባቴ ቪንኮ ነው፣ ቱና የሚያሳድድ፣
ከቃል ይልቅ ገመድ ማሰር የሚወድድ፤
ሳቁ ካንገት በላይ፣ ሐዘኑ ካንጀት ሥር፣
ሲከፋው ሞተር ቤት ወርዶ የሚታሰር።
ዓመት ሙሉ ደም አየ፤ ለማን ይናገር?
"ኪንታሮት ነው" አለ ለራሱ በሹክሹክታ፣
ቀበቶው ላይ በምስማር ሁለት ቀዳዳ መታ።
እናቴ ዝላታ ናት ባንድ ሌሊት ያየችው፣
መብራቱን አብርታ፣ ነጩ ሸክላ ላይ ቀይ ሆኖ ያገኘችው።

ከፖርት ሊንከን አደሌድ ወሰድነው።
አንድ ክንድ ካንጀቱ ቆርጠው አወጡለት፣
የቀረውን ከቀረው በክር ሰፉለት።
"የመረብ ጥገና" አለ ሲነቃ፣
"ጥሩ ነው ቋጠሮው። ሌላስ? አበቃ?"

አላበቃም ነበር።
ዶክተር ሃሎራን ወንበሯን አስጠግታ፣
ደም የሚሉት ወንዝ ምን እንደሚጭን ነገረችን በርጋታ፦
"ሕዋስ ሲሞት የቤቱን ሰነድ ቀዶ ይበትናል፣
ቁርጥራጩ ሁሉ ደም ውስጥ ይዋኛል።
የጤነኛውም አለ፣ የወንበዴውም አለ፣
ወንበዴው ግን ጽሑፉ ላይ የራሱን ማኅተም ስለጣለ፣
በዚያ ለይተን እናውቀዋለን።
በየሦስት ወሩ ሁለት ብልቃጥ ደም እንቀዳለን፣
ከሺህ ሺህ ቁራጭ አንዱን እንፈልጋለን።"

አባቴ ጢሙን አሻሸ። ጣራውን አየና ጠየቀ፦
"ባሕር ሙሉ ውስጥ አንድ ሰርዲን?"
"አንድ ቅርፊቱን።"
ካንጀቱ ሳቀ።
አንጀቱ አጠረ እንጂ ሳቁ አልተቆረጠም ነበር።

እኔ ኔዳ፣ የጀልባው ሒሳብ ያዥ፣ ቁጥር የማምን፣
መዝገብ ከፈትኩለት ከነዳጅና ከበረዶ ዋጋ ጎን፦
መጋቢት፤ አልታየም።
ሰኔ፤ አልታየም።
መስከረም፤
ነርሷ ብልቃጡን ስምንት ጊዜ ገለባበጠችው፣
በቢጫ ሣጥን አሽጋ ለአውሮፕላን ሰጠችው፤
ሐሙስ ስልክ ተደወለ።
"አለ።"

ሁለት ፊደል ናት "አለ"፤ ቤት ትሞላለች።

ሥዕል አነሡት ከሳንባ እስከ ጉበት፣
ንጹሕ ነው፤ ጥላ የለም፤ ጭረት የለበት።
ደም "አለ" እያለ፣ ዓይን "የለም" ካለ፣
ሰው ማንን ይመን? እናቴ አንጀቷ ቆሰለ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣል ይባላል፤
የኔ አባት ግን ሲጠጣ ይብስ ዝም ይላል።
ሃምሳ ዓመት የቆለፈውን፣ ወይን ያልፈታውን፣
አንድ ብልቃጥ ደም ዘረገፈው ሆድ ያባውን።

"እንጠብቅ? ወይስ እንጀምር?" አለች፤ "መጽሐፉ ገና አላለቀም፤
ደምን አምኖ መታከም ስንት ዕድሜ እንደሚጨምር ማንም በርግጥ አያውቅም።"
አባቴ፦ "ቃኚው አውሮፕላን 'ጥቁር ነገር አየሁ' ሲል፣
ሶናሩ ዝም ቢልም ጀልባ አላዞርም። መረብ ይጣል።"

ኬሞው ገባ። በጋውን ሙሉ በረደው፤
ያ የበረዶ ወዳጅ እጅ፣ ያንድ ብርጭቆ ውሃ ቅዝቃዜ ከበደው።
በጓንት ፍሪጅ ይከፍታል፤ ወደብ ላይ ዓሣ አይነካም፣
ልጆቹ ሲያራግፉ ቆሞ ያያል፤ "አልደከምኩም" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው ስለ ድካም።

አንድ ማታ ሾርባው ፊቱ፣ ስም ጠራ፦ "ዩሬ።"
ወንድሙ ነው፤ ባሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከጀልባ የወደቀ፤ ሰምቼው አላውቅም እስከ ዛሬ።
"መሪው በእጄ ነበር" አለ። ሌላ አልጨመረ።
እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሰዓቱ ቆጠረ።

ታኅሣሥ፤ ጥቂት አለ።
መጋቢት፤ አልታየም።
"የለም ማለት ነው?" አልኳት። "አልታየም ማለት ነው" አለችኝ፣
በሁለቱ ቃል መካከል ያለውን ርቀት ለኔ ለቁጥር ሰው ተወችልኝ።

ዛሬ ሰኔ ነው። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋ፣
ብልቃጡ ሲሞላ ዓይኑን አልነቀለም፣ መርፌው እንደተወጋ፤
"በል ንገራቸው" አለው ለደሙ፣ ከሚያውቀው ሰው ጋር እንደሚያወጋ።

ቢጫው ሣጥን በረረ።
ሐሙስ እስኪደርስ ወደቡ ላይ መረብ እንጠግናለን።
ስልኩን ከጓንቱ አጠገብ አስቀምጦታል፣
ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ፤
የባሕር ወፍ በጮኸ ቁጥር ቀና ይላል።